ጣሪያዋ የወደቀባት ምኵራብና የሄሼል «ሰንበት»

ባለፈው ዓመት በወጣቶች ክፍል ዐሥርቱን ትእዛዛት በተከታታይ ሳስተምር አራተኛው ላይ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። (ሉተራውያን ወገኖቻችን ሦስተኛው ብለው ይቈጥሩታል፤ ነገሩ ያው ነው።) ቆላስይስ ምዕራፍ 2ን ገለጥን፤ ሰንበት ሊመጣ ላለው ነገር ጥላ እንደ ነበረ፣ አካሉ ግን ክርስቶስ እንደ ሆነ አነበብን፤ አሜን ተባባልንና ወደሚቀጥለው ተሻገርን። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እንግዲያው የምንጠብቀው ዘጠኝ ነው ማለት ነው?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን መልስ ስላልነበረኝ ነው።

ይህ ጥያቄ እቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ወዳጄ ያዋሰኝን፣ ግን ለብዙ ጊዜ ያልገለጥሁትን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ያወረድሁት። ርእሱ «ሰንበት» ነው። አብርሃም ጆሹዋ ሄሼል የተባለ አይሁዳዊ ረቢና ምሁር በእንግሊዝኛ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1951 ታተመ። ከመቶ ገጽ ብዙም የማይዘል ቀጭን መጽሐፍ ሲሆን በውስጡ ኢሊያ ሾር በእንጨት ላይ የቀረጻቸው ሥዕሎች አሉበት። በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል፤ እኔ ግን ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ። ሰውየው በየሁለት ዐረፍተ ነገሩ ያስቆማል።

የአይሁዳዊ መጽሐፍ በእኛ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ልጠይቀው፦ እኛ ስለ አይሁድ የምናውቀው ምንድን ነው? በስብከታችን ውስጥ አይሁዳዊ ወይ ከጌታ ጋር የሚከራከር ፈሪሳዊ ነው፣ ወይ ደግሞ በመጨረሻው ዘመን ሰንጠረዥ ላይ የሚቈጥር ሰዓት። ዓርብ ማታ እራት የሚበላ፣ ልጆቹን የሚባርክ፣ የጎረቤቱ ችግር እንቅልፍ የሚነሣው፣ በመዝሙረ ዳዊት የሚጸልይ ሕያው ሰው ሆኖ በመካከላችን ተነሥቶ አያውቅም። የእስራኤልን ባንዲራ በአዳራሻችን ሰቅለን እናውቃለን፤ አንድ ረቢ የጻፈውን መጽሐፍ ግን አንብበን አናውቅም። ይህ ለእኔ ትንሽ ነውር አይደለም።

ሄሼል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1907 በዋርሶ፣ ከሐሲዲም ረቢዎች ቤተሰብ ነው። በርሊን ሄዶ ስለ ዕብራውያን ነቢያት የዶክትሬት ጥናቱን ሠራ። በ1938 ናዚዎች ከጀርመን ወደ ፖላንድ አባረሩት፤ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ከዋርሶ ወጥቶ በለንደን በኩል በ1940 አሜሪካ ገባ። እናቱንና ሦስት እህቶቹን ግን ጦርነቱ በላቸው። «ሰንበት»ን የጻፈው ይህ ሁሉ ከሆነ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ዕረፍትና ስለ ደስታ ሲጽፍ ቃሉን የምንሰማው በሌላ ጆሮ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ራሱ ሐዘን አይተርክም። ሮማውያንና ጀርመኖች ሊያቃጥሉት ያልቻሉት መቅደስ እንዳለ በአንድ ሐረግ ተናግሮ ያልፋል፤ እኛ ግን እዚያ ላይ እንቆማለን።

ያ መቅደስ ሰንበት ነው። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ ሰው ስድስቱን ቀን ከቦታ ጋር ይታገላል። መሬት ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ ዕቃ ይሰበስባል፤ ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ደግሞ ጊዜውን ነው። ቦታ በበዛ ቍጥር ጊዜ ያንሳል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ቅድስናን መጀመሪያ የሰጠው ለተራራ ወይም ለመሠዊያ አይደለም፤ ዘፍጥረት 2፥3 ላይ የተቀደሰው ቀን ነው። የአሕዛብ አማልክት ቤት ሲሠራላቸው የእስራኤል አምላክ አስቀድሞ ጊዜን ለየ። ስለዚህ የአይሁድ ሃይማኖት ከሁሉ በፊት የሚሠራው በጊዜ ውስጥ ነው፤ ሰባተኛው ቀን ድንጋይና እንጨት የሌለበት ሕንጻ ነው። ጠላት ሊይዘው አይችልም፤ በየትኛውም ስደት ይዘውት ይሄዳሉ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የአባቶቻችን ታሪክ ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ሕንጻዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ምእመናን አምስት ስድስት እየሆኑ በየቤቱ፣ መጋረጃ ጋርደው፣ መዝሙር በሹክሹክታ እየዘመሩ ተሰበሰቡ። በ1983 ዓ.ም. እንደ ገና በግልጽ ስትከፈት ከተዘጋችበት ጊዜ ይልቅ በብዙ እጥፍ በዝታ ነበር። አዳራሽ የሌላት ቤተ ክርስቲያን ቀንና ሰዓት ብቻ ቀርቷት እንደ ኖረች ለማወቅ የሄሼልን መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገንም። ሄሼል ግን ለነገሩ ስም ሰጠው።

መጽሐፉ በሐሳብ ብቻ አይሄድም፤ ተረኮቹ ናቸው የሚይዙት። አንዱ አጭር ነው። አንድ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው በሰንበት ቀን በወይኑ ቦታ ሲመላለስ አጥሩ መፍረሱን አየ፤ ሰንበት ሲወጣ እጠግነዋለሁ ብሎ አሰበ። ሰንበት ሲወጣ ግን አሳቡ የመጣው በሰንበት ስለ ነበር አጥሩን ለዘለዓለም ሳይጠግነው ተወው። እጁ ስላልሠራ ብቻ አላረፈም፤ ልቡም እንዲያርፍ ፈለገ። በስብከት መካከል ስልካችንን ከኪሳችን ሳናወጣ እንኳ ስንት አጥር እንደምንጠግን ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ከታልሙድ የተወሰደው የረቢ ሺሞን ባር ዮሐይ ታሪክ ነው፤ ሄሼል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል፤ የመጽሐፉም ልብ እዚህ ይመስለኛል። ሺሞን የሮማውያንን ገበያና ድልድይ በሰው ፊት ነቀፈ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ከልጁ ጋር ዋሻ ገብቶ ዐሥራ ሁለት ዓመት በጸሎትና በሕጉ ጥናት ተቀመጠ። ሲወጡ ገበሬ ሲያርስ፣ ዘር ሲዘራ አዩ። ሰዎች የዘለዓለምን ሕይወት ትተው በጊዜያዊ ነገር ይደክማሉ ብለው ተቈጡ፤ ዓይናቸው ያረፈበት ሁሉ ተቃጠለ። ድምፅ ከሰማይ መጣ፦ ዓለሜን ልታጠፉ ነውን የወጣችሁት፣ ወደ ዋሻችሁ ተመለሱ የሚል። አንድ ዓመት ተጨምሮባቸው እንደ ገና ወጡ። ዓርብ ሊመሽ ሲል አንድ ሽማግሌ ሁለት እስር ባርሰነት ይዞ ሲሮጥ አዩት። ለምን እንደ ሆነ ጠየቁት፤ ለሰንበት ክብር ነው አላቸው፤ አንዱ «አስብ» ለሚለው፣ ሌላው «ጠብቅ» ለሚለው ትእዛዝ። ያን ጊዜ ልባቸው አረፈ።

ይህን ታሪክ ስንቶቻችን አናውቀውም? ከጸሎት ተራራ ወርደው በዓይናቸው የሚያቃጥሉ ወጣቶችን አይቻለሁ። የሚማረውን «ዓለማዊ»፣ ሱቅ የከፈተውን «የቀዘቀዘ»፣ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውን «ያልተሰጠ» ይሉታል። እኔ ራሴ በኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ እንደዚያ ነበርሁ፤ እናቴ ትምህርቴን እንድጨርስ ስትለምነኝ በእምነት ማነስ ገሠጽኋት። ሄሼል የሚለው፣ የዋሻው ሰው መልሱን ያገኘው ከሌላ ዋሻ ሳይሆን ከሽማግሌው እጅ ነው። ስድስት ቀን በዓለም ሠርቶ ለሰባተኛው አበባ የሚያሽትት ሰው ዓለምን አልጠላም፤ ዓለምም አልገዛውም።

አሁን ወደ ነቀፌታው ልምጣ፤ መጽሐፉን መውደድ ጉድለቱን አያስቀርምና።

አንደኛው የአጻጻፉ ነው። ሄሼል በምሳሌያዊ አባባል ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የተዘጋጀ ይመስላል። መጀመሪያ ይጥማል፤ ሠላሳኛው ገጽ ላይ ይከብዳል። የእኛ አገር ሰባኪ ሦስት ቃል ቤት አስመትቶ አዳራሹን እንደሚያስጮኸው ነው፤ ጩኸቱ ሲያልፍ «ግን ለምን?» የሚለው ጥያቄ እዚያው ይቀራል። የክርክር ደረጃዎቹን ዘሎ መደምደሚያውን ብቻ የሚሰጠን ቦታ ብዙ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳይነበብ በቴሌግራም ተቈራርሶ ያልቃል።

ሁለተኛው ግን የነገሩ ነው፤ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሄሼል ጊዜን ከፍ ለማድረግ ቦታን ከልክ በላይ ዝቅ ያደርጋል። እግዚአብሔር ለአብርሃም የሰጠው ቀን ብቻ ሳይሆን ምድርም ነበረ። የመገናኛው ድንኳን ስንት ክንድ እንደሚሆን፣ መጋረጃው በምን እንደሚሰፋ ምዕራፍ ሙሉ ይነገረናል። ቦታን የሚንቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ቦታ ያለው ሰው ነው። ዝናብ ሲዘንብ በሱቅ በረንዳ ስር ፕላስቲክ ተከናንቦ ለሚያድር ልጅ «ቅድስና በጊዜ ውስጥ ነው» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? በተጨማሪም የሰንበት ትእዛዝ ሁለት ምክንያት አለው። በዘጸአት 20 ምክንያቱ ፍጥረት ነው፤ እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን አረፈ። በዘዳግም 5 ግን ምክንያቱ ባርነት ነው፤ አንተ በግብፅ ባሪያ ነበርህና ባሪያህም ገረድህም እንደ አንተ ይረፉ ይላል። ሄሼል ስለ ነጻነት ባይዘነጋም በዚህ መጽሐፍ ክብደቱን የሚጥለው በመጀመሪያው ላይ ነው። ብቻውን ቢነበብ፣ ሥራውን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አስቀምጦ በሰላም ለሚያርፍ ሰው የሚመች መጽሐፍ ሊሆን ይችላል።

የሚገርመው ግን ይህን ጉድለት የሞላው ራሱ ሄሼል መሆኑ ነው፤ በሌላ መጽሐፍና በእግሩ። የበርሊኑን ጥናት አስፍቶ «ነቢያት» በሚል ርእስ በ1962 በእንግሊዝኛ አሳተመው። አምላክ ስለ ድሀ ግፍ ግድ የሌለው ከፍ ያለ ሐሳብ ሳይሆን የሚቈጣና የሚያዝን እንደ ሆነ፣ ነቢይም ያ ቍጣና ሐዘን የተጋባበት ሰው እንደ ሆነ ይከራከርበታል። በጥር 1963 በቺካጎ ስለ ዘርና ሃይማኖት በተደረገ ጉባኤ ላይ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ተዋወቀ። መጋቢት 21 ቀን 1965 ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ በተጀመረው ሰልፍ፣ ነጭ ጢሙን አንዠርግጎ በፊተኛው ረድፍ ከኪንግ ጋር ተራመደ። ያ ጕዞ ለእርሱ በእግር የተደረገ ጸሎት እንደ ነበረ ከዚያ በኋላ ተናግሯል። ቀኑ እሑድ ነበር። የእርሱ ሰንበት ከዋዜማው ማታ ወጥቶ፣ የእኛው ቀን ላይ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ላይ የሚያነብ ማኅበር አለ ወይ? አለ። በወረቀት ላይ ሳይሆን በኑሮ የተጻፈ ማብራሪያ ነው የምለው። የኒው ዮርኳ ብኔ ይሹሩን ምኵራብ ናት። ስሟ «የይሹሩን ልጆች» ማለት ነው፤ በዘዳግም 32 በሙሴ መዝሙር ውስጥ ወፍሮ ረገጠ የተባለው ይሹሩን። (ለአንድ ማኅበር እንዲህ ያለ ወቀሳ ያለበት ስም መያዝ ትሕትና ነው፤ የእኛ አጥቢያዎች ስም ሁሉ ድል ድል ይሸታል።) የተመሠረተችው በ1825 ነው። በ1980ዎቹ ግን ጥቂት ሰዎች ብቻ የቀሩባት፣ ልትዘጋ የደረሰች አሮጊት ምኵራብ ነበረች።

በ1985 ማርሻል ሜየር የሚባል ረቢ መጣላት። ሜየር የሄሼል ደቀ መዝሙር ነበር። ከዚያ በፊት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ያገለገለው በአርጀንቲና፣ በቦነስ አይረስ ሲሆን እዚያ በ1962 የረቢዎች ማሠልጠኛ አቋቁሟል። ከ1976 እስከ 1983 አገሪቱን ወታደሮች ሲገዙ ሰዎች በሌሊት ከቤታቸው እየተወሰዱ ይጠፉ ነበር። ብዙ ሃይማኖተኛ በሩን ዘግቶ ሲጸልይ ሜየር የእስር ቤት በር ያንኳኳ ነበር። ታስሮ የተሠቃየው ጋዜጠኛ ሐኮቦ ቲመርማን ከተፈታ በኋላ የጻፈውን መጽሐፍ መታሰቢያነት የሰጠው ለእርሱ ነው፤ አይሁዳዊውንም ክርስቲያኑንም በእግዚአብሔር የማያምነውንም እስረኛ አጽናንቷልና። ወታደሮቹ ሲወርዱ ፕሬዚዳንት ራውል አልፎንሲን የጠፉትን ሰዎች ጉዳይ እንዲያጣራ ባቋቋሙት፣ ደራሲው ኤርኔስቶ ሳባቶ በመሩት ኮሚሽን አባል ሆነ፤ ኮሚሽኑ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎችን መጥፋት መዘገበ። እስር ቤት ያዳመጠው ይህ ሰው ነው ኒው ዮርክ መጥቶ ዓርብ ማታ ሰዎችን ማዘመር የጀመረው። በማግሥቱ ዓመት ከአርጀንቲና የመጣ ተማሪው ረቢ ሮላንዶ ማታሎን ተጨመረ። ሜየር በ1993 መጨረሻ ሞተ፤ ሥራው ግን አልቆመም።

ዓርብ ማታ በዚያች ምኵራብ የሚሆነውን የጻፉ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ዝማሬው ነው። ብዙ ምኵራቦች በሰንበት መሣሪያ አይነኩም፤ እዚህ ግን ኪቦርድ፣ ቼሎና ከበሮ አለ። ሰንበትን እንደ ሙሽራ የሚቀበለው «ለኻ ዶዲ» የተባለው መዝሙር ሲደርስ ሰዎች ከወንበራቸው ተነሥተው እጅ ለእጅ ተያይዘው በመተላለፊያው ይጨፍራሉ። መዝሙሩን ሽሎሞ አልካቤትስ በ16ኛው መቶ ዘመን በጽፋት የደረሰው ሲሆን፣ የመጨረሻው አንጓ ላይ ጉባኤው ሁሉ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል፤ ሙሽራዪቱ ስትገባ ለመቀበል። በአዳራሻችን ውስጥ ሁልጊዜ ወደ መድረኩ ብቻ ለምናይ ሰዎች ይህ መዞር ቀላል ነገር አይደለም። በር የሚያይ ጉባኤ የሚገባውንም ሰው ያያል።

ስለ ሙሽራዪቱ ከተነሣ አይቀር አንድ የእኛን አገር ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቈጨኛል። ሄሼል ሰንበትን በንግሥትና በሙሽራ የሚመስሉትን የጥንት ረቢዎች በፍቅር ይተርካል፤ ምንጩ ታልሙድና ከዚያ የወረደው ነው። ታልሙድ ያልደረሳቸው የእኛዎቹ ቤተ እስራኤል ግን በግዕዝ የተጻፈ «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል መጽሐፍ ነበራቸው፤ በዚያም ሰንበት በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ለነፍሳት የምትማልድ ባለ ክብር ሴት ሆና ትታያለች። ቮልፍ ሌስላው ይህን ጽሑፍ ከሌሎች የቤተ እስራኤል ድርሳናት ጋር ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ያሳተመው በ1951 ነው፤ የሄሼል «ሰንበት» በወጣበት በዚያው ዓመት። በጎንደር መንደሮች ዓርብ ማታ እሳት አጥፍተው፣ በማግሥቱ ቀዝቃዛ እንጀራ እየበሉ ሰንበትን ያከበሩ ሰዎች ከአያቶቻችን ጋር በአንድ ገበያ ይገበያዩ ነበር። የእኛ ሰዎች ግን «ቡዳ» ይሏቸው ነበር። ስለ አይሁድ ስናወራ ይህንንም ብናስታውስ ጥሩ ነው።

ወደ ኒው ዮርክ ልመለስ። በ1991 የምኵራቧ ጣሪያ ወደቀ። ሕንጻው የማይገባበት ሆነ። በአቅራቢያዋ ያለችው የቅዱስ ጳውሎስና የቅዱስ እንድርያስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በሯን ከፈተችላቸው፤ አይሁዳውያኑ ዓርብ ማታ ሙሽራቸውን በክርስቲያኖች አዳራሽ ተቀበሉ። ጣሪያው ከተጠገነ በኋላም ወዳጅነቱ አልፈረሰም፤ የሚመጣው ሰው በዝቶ ስለ ነበር ሁለቱንም ቦታ መጠቀም ቀጠሉ። ሁለቱ ጉባኤዎች በአንድነት ቤት ለሌላቸው ሰዎች ማደሪያ ከፈቱ፣ የተራቡትንም መገቡ። ማንም እምነቱን አልለወጠም፣ ማንም እምነቱን አልደበቀም።

የሄሼልን መጽሐፍ የምነቅፈው እዚህ ላይ ቆሜ ነው። ጊዜን ያከበረችው ማኅበር ቦታ ስታጣ ቦታ የሰጣት ሌላ ማኅበር ነው፤ እርሷም ቦታ ለሌለው ሰጠች። ስድስት አልጋ የተዘረጋበት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንደ ሰባተኛው ቀን የተቀደሰ ነው ብል ሄሼል ራሱ የሚከራከረኝ አይመስለኝም፤ መጽሐፉ ግን ይህን አይነግረኝም። ደቀ መዝሙሩ ነው የነገረኝ።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ይህች ምኵራብ በሯን የከፈተችው በሰፊው ነው። ሴቶች ከወንዶች እኩል ይመራሉ፤ አይሁዳዊ ካልሆነ ሰው ጋር የተጋቡ ይመጣሉ፤ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶችም እንደ ማንኛውም አባል ይቈጠራሉ። በጋብቻ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረው ሌላ እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ልዩነቱን አልሸፍንም። ከዚያም የሚበልጥ ልዩነት አለ፤ እኛ ዕረፍታችን ኢየሱስ ነው እንላለን፣ ዕብራውያን 4ን የምናነበው በእርሱ ነው፤ እነርሱ እንዲህ አይሉም። ነገር ግን ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው ከእኔ ይልቅ ቃሉን ሲታዘዝ ሳየው ልዩነታችንን እንደ ጋሻ ማንሣት አልችልም። በደጃችን ስንቱ ሰው በልብሱ፣ በቀድሞ ታሪኩ፣ በበሽታው ወይም በቋንቋው ተገምቶ እንደሚመለስ እናውቃለን፤ ለዚያ የሥነ መለኮት ምክንያት እንኳ የለንም።

«ማኅበራዊ ሥራ የእነርሱ ነው፤ የእኛ ነፍስ ማዳን ነው» የሚል መልስ ደግሞ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ ከአባቶቻችን አልመጣም። በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ፣ ወንጌል መስበክንና ሰውን ከችግሩ ማንሣትን የለያያችሁት እናንተ ናችሁ፣ ለእኛ ሰው አንድ ሙሉ ሰው ነው ብላ ተከራክራለች። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በ1979 ደርግ ገደላቸው። ሄሼልን ሳነብ ብዙ ጊዜ የሚታዩኝ እርሳቸው ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ቤቴ። ዘዳግም 5፥14ን እንደ ገና ሳነብ ገረድ የሚለው ቃል ላይ ቆምሁ። እሑድ ሦስት ሰዓት እኛ አምልኮ እንገባለን፤ ሰባት ሰዓት ስንመለስ ወጡ ደርሷል፣ ቡናው ተቈልቷል፣ እንግዳም ይዘን መጥተናል። ማን ሠራው? በቤታችን የምትሠራው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድን ከሁላችንም ቀድማ ተነሥታ ከሁላችንም በኋላ ትተኛ ነበር። እኔ በዚያው ጠዋት በመድረክ ላይ «ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ» የሚለውን እሰብክ ነበር። መጽሐፉን ለባለቤቴ ባነበብሁላት ማታ ብዙ አላወራንም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእሑድ ምሳ ቅዳሜ ማታ ይሠራል። መጀመሪያ ሥራው በባለቤቴ ላይ ወደቀ፤ ይህም ሌላ ገረድ ማበጀት እንደ ሆነ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ስለዚህ ሽንኵርት መክተፍ ተማርሁ፤ ዓይኔን አሁንም ያቃጥለኛል። ልጅቷ እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ትሄዳለች። ወደ እኛ አዳራሽ እንድትመጣ አልጠየቅኋትም፤ ቀኑ የእርሷ ነውና።

ሰንበት ጠባቂ ሁኑ እያልሁ አይደለም፤ ጳውሎስ በሰንበት ማንም አይፍረድባችሁ ብሏል፤ እኔም አልፈርድም። ጌታ ግን ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረ ሲል ያንን ስጦታ መልሼ ወሰድሁት አላለም። ለዚያ ልጅ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ እስከዚህ ድረስ ነው፤ ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

መጽሐፉን ለማንበብ ለምትፈልጉ፣ ከመግቢያው ጋር ብዙ አትታገሉ፤ የሺሞንን ዋሻ አስቀድማችሁ አንብቡና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። በክፍላችን ያደረግነው እንዲሁ ነው። ዓርብ ማታ ስልኮቻችንን በቅርጫት ሰብስበን፣ ዳቦና ሻይ ይዘን፣ ታሪኩን በቃሌ ተረክሁላቸው። ስጨርስ ያው ልጅ፣ ያው የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ፣ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ሽማግሌው የሚሮጠው ወዴት ነበር?»

ታሪኩ አይናገርም። ወደ ቤቱ ይሆናል አልሁት።

«ቤቱ ማን ነበረ?» አለኝ።